የዘመመ የቁም ሳጥን በር እንዴት ይቃናል?

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በንብረት ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



የሂሳብ ሪፖርቱ ከተሰማ በኋላ ስለ አንድ የቁም ሳጥን በር ልንናገር ስንነሣ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አይተናል። «በር ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልገዋል?» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ይህ በር ባለፈው ዓመት ሰው አስቀይሞብናል። የኀዘን ገንዘባችንንም ሊያስወጣን ነበር። ስለሆነም ነገሩን ከነምክንያቱ ማስረዳት ግዴታችን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በጥቅምት፣ እዚህ ጂንካ ዝናቡ በበረታበት ሰሞን፣ ከአንድ አባላችን ቤት በሌሊት መርዶ ደረሰን። ጎሕ ሳይቀድ ለፋፊያችን ጥሩምባውን ነፋ። ወጣቶቹ ድንኳኑንና አግዳሚውን ተሸክመው ሄዱ። ሰሃንና ብርጭቆ ካለበት ባለ ሁለት በር ቁም ሳጥን ዘንድ ስንደርስ ግን የቀኙ በር ወርዶ፣ ከግራው ጋር ተነካክሶ፣ አልከፈት አለ። ከመካከላችን አንዱ ቸኩሎ በኃይል ሳበው። ያን ጊዜ የላይኛው ማጠፊያ ከነብሎኑ ተነቀለ፤ በሩም ተንጠልጥሎ መደርደሪያውን መታና 14 ብርጭቆ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ቤተ ዘመድ እያለቀሰ እኛ ብርጭቆ ለመዋስ ከደጅ ደጅ ስንዞር አረፈድን።

ከዚያ የባሰው ግን በኋላ የሆነው ነው። ከቀብር መልስ ተሰብስበን «በሩን ያላላው ዕቃ ጠባቂው ነው፤ እያላጋ ሲዘጋው ከርሞ ነው» አልን። ማስረጃ የጠየቀ አልነበረም። ያለ ደመወዝ የሚያገለግለን ሰው አንድ ቃል ሳይመልስ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ቁም ሳጥኑም ይጣልና አዲስ ይገዛ ተብሎ ተወሰነ።

ቁልፉን የተረከብነው እኛ የንብረት ኮሚቴ አባላት ከመግዛታችን በፊት አንድ አናጢ ጠራን። አናጢው በሩን ገና ሳይነካ በርከክ ብሎ ወለሉን አየ። ጥግ ላይ፣ ውሃ በሚገባበት በኩል፣ ሲሚንቶው ተሰንጥቆ የቁም ሳጥኑ የቀኝ እግር ሰምጧል። ዞሮ ጀርባውን ሲያይ ደግሞ የስሱ ሰሌዳ ሚስማሮች ግማሾቹ ወልቀዋል። «በሩ ምን አደረገ? የዘመመው ቤቱ ነው» አለን። ያን ጊዜ እርስ በርሳችን ተያየን።

እንግዲህ ከዚያ የተማርነውን ለእናንተም እናካፍል፤ ዛሬ በየቤታችሁ ያለው ቡፌና የኩሽና ቁም ሳጥን አብዛኛው የዚህ ዓይነት ነውና።

ሐመሮች የሚቀመጡበትና የሚንተራሱበት ቦርኮቶ ከአንድ እንጨት ተጠርቦ ስለሚወጣ ብሎንም ማጠፊያም አያውቅም። የዋንዛው ቁም ሳጥናችንም ቢሆን በሩ ሲጠብቅ አናጢ በመላጊያ ላግ ላግ ያደርገውና ነገሩ ያልቃል። በካርቶን ታሽጎ፣ በአርባ ምንጭ፣ በኮንሶና በቀይ አፈር በኩል ተጭኖ የሚመጣው የችፑድ ዕቃ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ተፈታትቶ የሚመጣው ቦታ እንዳይፈጅና እንዳይሰበር ነው። ኢኬያ የተባለው የስዊድን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1956 የጠረጴዛ እግር ነቅሎ በጠፍጣፋ ካርቶን መሸጥ ከጀመረ ወዲህ አሠራሩ ዓለምን አዳርሷል። ችፑድ ማለት የእንጨት ፍርፋሪ በሙጫ ተለውሶና በሙቀት ተጨምቆ የወጣ ሰሌዳ ነው። ጭረቱ እንደ ዋንዛ የተያያዘ ስላልሆነ ብሎን በኃይል ሲጠብቅበት ውስጡ ዱቄት ይሆናል። ይህን በር በመላጊያ መላግም ከቶ አይገባም፤ ሽፋኑ ይነሣና እርጥበት ይገባበታል።

አንደኛ፤ ከበሩ በፊት ሳጥኑን እንይ። ውሃ ልክ ያለው በውሃ ልክ፣ የሌለው ግንበኞች እንደሚያደርጉት ውሃ በሞላበት ቀጭን ጎማ ይለካ። ከዚያ ሲባጎ ይዘን ከላይኛው ቀኝ ማዕዘን እስከ ታችኛው ግራ፣ ቀጥሎም ከላይኛው ግራ እስከ ታችኛው ቀኝ እንለካ። ሁለቱ ልክ እኩል ከሆኑ ሳጥኑ ቀጥ ብሏል፤ ካልሆኑ ዘሟል። በሰመጠው እግር ሥር ጠንካራ ሽብልቅ አስገብተን እናስተካክላለን። ጀርባውም እንደገና በሚስማር ይመታ፤ ሣጥኑ እንዳይዘም የሚይዘው ያ ስስ ሰሌዳ ነው። ዕቃውን አስቀድሞ ማውጣት አይረሳ። የእኛ በር ግማሽ ሕመሙ በዚሁ ተፈወሰ።

ሁለተኛ፤ ብሎኖቹን እንይ። በር በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ብሎን ይላላል። ጫፉ መስቀል በሆነ ካቻቢቴ በእጅ ይጥበቅ፤ «ያዝ» ሲል ይቁም። ከዚያ በላይ የሚያጠብቅ ሰው ቀዳዳውን ያበላሻል።

ሦስተኛ፤ ማጠፊያውን ማስተካከል። የዚህ ዓይነት በር ማጠፊያ 35 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ስኒ መሰል ራስ አለው፤ እርሱ በሩ ውስጥ ይቀበራል። ክንዱ ሳጥኑ ውስጥ ከተመታው ሳህን ላይ ይታሠራል። ክንዱ ላይ ሁለት ብሎን አለ። ለበሩ የሚቀርበው ፊተኛው በሩን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወስደዋል። ኋለኛው ሲላላ በሩን ወደ ውስጥና ወደ ውጪ መግፋት ይቻላል። ሳህኑን የያዙት ብሎኖች ሲላሉ ደግሞ በሩ ሽቅብና ቁልቁል ይሄዳል። የበሩ እጀታ ያለበት ጎን ከወረደ፣ የላይኛውን ማጠፊያ ፊተኛ ብሎን አዙረን የበሩን አናት ወደ ማጠፊያው በኩል እንስበዋለን፤ የታችኛውን ደግሞ በተቃራኒው እናዞራለን። ይኸውም ግማሽ ዙር ብቻ አዙሮ፣ በሩን ዘግቶ ማየት ነው። ወደማይፈለገው ከሄደ ወደ ኋላ ይመለስ። በሁለቱ በሮች መካከል ከላይ እስከ ታች 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ያህል እኩል ክፍተት ሲታይ ሥራው አለቀ። ይህን ሁሉ አንድ ሰው በአንድ ካቻቢቴ ይጨርሰዋል።

አራተኛ፤ ቀዳዳው የሰፋ እንደሆነ። እንደ እኛ ብሎኑ ተነቅሎ ከወጣ ረዘም ያለ ብሎን እንፈልግ አንበል፤ ሰሌዳው 16 ወይም 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ስላለው ብሎኑ በሌላው ወገን ብቅ ይላል። ሚስማርም አይምቱበት። ይልቅስ ዱቄቱን አራግፎ፣ ስቴኪኒ ወይም ጭንቅላቱ የተቆረጠ የክብሪት እንጨት በእንጨት ኮላ እየነከሩ ቀዳዳውን ጥቅጥቅ አድርጎ መሙላት፤ የተረፈውን በምላጭ መቁረጥ፤ እስከ ማግሥቱ ማድረቅ፤ ከዚያም ቀጭን ቀዳዳ በስቶ ያንኑ ብሎን መመለስ ነው። በጣም ከተበላ የዋንዛ ቁራጭ ጠርቦ በኮላ መሰካት ይሻላል። የእኛ በር በዚህ ተይዟል።

አምስተኛ፤ እርጥበትና ክብደት። ውሃ ጠጥቶ ያበጠ ችፑድ ቢደርቅም ወደ ቀድሞው አይመለስም፤ ለእርሱ መድኃኒቱ መጠንቀቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ሳጥኑ ከወለል ከፍ፣ ከግድግዳም ራቅ ይበል፤ ወለሉ ሲጠረግ ውሃ አይደፋበት። በሩ ላይ ማንቆርቆሪያም ሆነ ከረጢት አይንጠልጠል። ቁመቱ 1 ሜትር ገደማ የሆነ በር ሁለት ማጠፊያ ይበቃዋል፤ 1 ሜትር ተኩል የሚሆነው ሦስት፣ 2 ሜትር የሚደርሰው አራት ይሻል። የእኛ በር ከደረታችን በላይ ሆኖ ሁለት ብቻ ነበረው፤ ሦስተኛ አስጨምረናል።

የተከበራችሁ አባላት፤ ጠቅላላ ወጪያችን የአንድ ማጠፊያ፣ የትንሽ ኮላና የአናጢው የግማሽ ቀን ዋጋ ብቻ ሆነ። ለአዲስ ቁም ሳጥን ታስቦ የነበረው ገንዘብ እነሆ ካዝናችን ውስጥ አለ፤ የለቀስተኛ ገንዘብ ነው፣ ለለቀስተኛም ይዋል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ከእንግዲህ በየዓመቱ የበልጉም የመኸሩም ዝናብ ከመግባቱ በፊት ኮሚቴው የግምጃ ቤቱን ወለልና በሮች እንዲመረምር ሐሳብ እናቀርባለን።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ብርጭቆ ተሰበረ፣ ተተካ። በሩም ዘመመ፣ ተቃና። የሰው ስም ግን በኮላ አይጠገንም። ዕቃ ጠባቂያችን በሩ ከመነቀሉ ሁለት ወር በፊት «ጥጉ ውሃ ያስገባል» ብሎ ለእኛው ለንብረት ኮሚቴ ነግሮን እንደነበረ በቃለ ጉባኤያችን ተጽፎ አግኝተነዋል። የሰማን እኛ፣ የረሳን እኛ፣ የወቀስንም እኛው ነን። ከጥፋቱ የራቀው እርሱ ብቻ ነበር።

ዛሬ ከኋለኛው ወንበር ተቀምጦ እያየነው ነው። በዚህ ጉባኤ ፊት ይቅርታ እንጠይቀዋለን፤ ቁልፉንም መልሶ እንዲረከበን እንለምነዋለን። እምቢ ቢለን እንኳ ጥፋቱ የእርሱ እንዳልነበረ በዛሬው ቃለ ጉባኤ ይመዝገብልን።