ስለ ቬን ዲያግራም ጥያቄዎች
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከመካከላችን ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ ለማመልከት አስበው ጂ.አር.ኢ. ለሚባለው ፈተና የሚዘጋጁ አሉ። ይህ ፈተና በ2023 እ.ኤ.አ. ካጠረ ወዲህ በሒሳቡ ክፍል 27 ጥያቄዎች በ47 ደቂቃ ይሠራሉ፤ ለአንዱ ጥያቄ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይደርስም ማለት ነው። ክፍያውም በውጭ ገንዘብ ስለሆነ ደጋግሞ መቀመጥ ለተማሪ ኪስ አይመችም። በዚህ ጭንቅ መካከል ከመደመርና ከመቀነስ በቀር ሌላ የማይጠይቀውን የቬን ዲያግራም ጥያቄ መሳት እጅግ ያስቆጫል። አብረን ስናጠና እንደ ታዘብነው ተማሪውን የሚጥለው ሒሳቡ ሳይሆን ንባቡ ነው።

ሥዕሉ ስሙን ያገኘው በ1880 እ.ኤ.አ. ጽፎ ካሳተመው ከእንግሊዛዊው የሎጂክ ሊቅ ከጆን ቬን ነው። ከእርሱ በፊት ኦይለር ለአንዲት የጀርመን ልዕልት በጻፋቸው ደብዳቤዎች ክቦችን ተጠቅሞ ነበር። ኦይለር ግን ክቦቹን እንደ ነገሩ ሁኔታ አንዱን በአንዱ ውስጥ ወይም ለየብቻ ያኖራቸዋል፤ ቬን ደግሞ ሊኖሩ የሚችሉትን ክፍሎች ሁሉ አስቀድሞ ይሥልና ባዶ የሆነውን በኋላ ያጠቁራል። ለፈተና የሚበጀን ይህ የቬን ትዕግሥት ነው። ሁለት ክቦች 4 ክፍሎች፥ ሦስት ክቦች 8 ክፍሎች አሏቸው። ብዙዎቻችን 3 እና 7 ብለን የምንቆጥረው ከክቦቹ ውጭ የቀረውን ስለምንረሳ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከ120 ተማሪዎች 75ቱ ሻይ፥ 60ው ቡና ይጠጣሉ፤ 15ቱ ሁለቱንም አይጠጡም። ሻይ ብቻ የሚጠጡት ስንት ናቸው? ከክቦቹ ውስጥ ያሉት 105 ናቸው፤ 75 እና 60 ሲደመሩ ግን 135 ይሆናሉ። ትርፉ 30 ሁለት ጊዜ የተቆጠሩት፥ ማለት ሁለቱንም የሚጠጡት ናቸው። እንግዲህ መልሱ 45 ነው። የሚያሳዝነው ብዙው ሰው 30ን እንዳገኘ ደስ ብሎት እርሱን አክብቦ ማለፉ ነው፤ ፈታኙም ይህን ስለሚያውቅ 30ንም 75ንም ከምርጫዎቹ ጋር ይደረድርለታል። «ብቻ» የምትለዋን ቃል በእርሳስ ማስመር የሚፈጀው አንድ ሰኮንድ ነው።

ሌላው ችግር «ወይም» ነው። አስተናጋጅ «ሻይ ወይስ ቡና?» ቢለን አንዱን እንመርጣለን። «ሻይ ወይም ቡና የሚጠጣ» ሲባል ግን በሒሳብ ቋንቋ ሁለቱንም የሚጠጣው ይጨመራል። አማርኛችን ለሁለቱ ሁለት ቃል ሲኖረው ፈተናው የሚሰጥበት እንግሊዝኛ አንድ ቃል ብቻ ስላለው፥ በልባችን ስንተረጉም «ወይም» እንበል እንጂ «ወይስ» አንበል።

በሦስት ክቦች ጊዜ ነገሩ ይጠብቃል። ከ100 ሰዎች 52ቱ ኦሮምኛ፥ 38ቱ ትግርኛ፥ 25ቱ ሶማሊኛ ይናገራሉ እንበል፤ ሦስቱንም የሚናገሩት 5 ናቸው። «ልክ ሁለት ቋንቋ የሚናገሩ 19» ከተባለ፥ ከድምሩ ከ115 ላይ 19ኙን አንድ ጊዜ፥ 5ቱን ሁለት ጊዜ እንቀንሳለን፤ ሦስቴ የተቆጠረ ሰው አንዴ ብቻ መቆጠር አለበትና። 86 ይቀራል፤ ከሦስቱ አንዱንም የማይናገሩት 14 ናቸው። «ቢያንስ ሁለት ቋንቋ የሚናገሩ 19» ከተባለ ግን 5ቱ በ19ኙ ውስጥ ስላሉ ልክ ሁለት የሚናገሩት 14 ብቻ ይሆናሉ፤ መልሱም ወደ 9 ይወርዳል። አንዲት «ቢያንስ» መልሱን ከ14 ወደ 9 ለወጠችው! ቀመር ሸምድዶ የመጣ ተማሪ እዚህ ላይ ይሰናከላል፤ ከመካከለኛው ክፍል ጀምሮ ወደ ውጭ የሚሞላ ግን ብዙ አይሳሳትም።

በመጨረሻም ሁለት መጠኖችን አወዳድሩ የሚለውን የጥያቄ ዓይነት እናንሣ። ከ100 ሰዎች 70ው ሻይ፥ 60ው ቡና ይጠጣሉ፤ ከክቦቹ ውጭ ያለው አልተነገረም። ሁለቱንም የሚጠጡት ከ30 አያንሱም፥ ከ60ም አይበልጡም። ከ29 ጋር አወዳድሩ ቢባል የሚጠጡት ይበልጣሉ፤ ከ30 ጋር ቢባል ግን እኩልም ብልጫም ሊሆን ስለሚችል መልሱ «መወሰን አይቻልም» ነው። አሁን ጠመኔውን እናንተ ያዙና ከ60 ጋር ቢወዳደር ምን እንደሚሆን በሰሌዳው ላይ አሳዩን።