ትንፋሽ በተራ
በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የዜማ ቡድኑ ያቀረበው ንግግር



ዛሬ እንድንናገር የተጠየቅነው፣ «የበዓል ትእዛዝ ሲደራረብ የዜማው ልምምድ ለምን አይቀርም?» የሚል ጥያቄ ከአባላት ስለተነሣ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛም ቁጭ ብለን አሰላነው። 24 ሴቶች በሳምንት ሁለት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ስንለማመድ 24 የሥራ ሰዓት ይሄዳል። ይህ የአንዲት ሴት የሦስት ቀን ሥራ ነው፤ ቀላል አይደለም። ታዲያ በምትኩ ምን አገኘን?

በአገራችን ዜማና ሥራ ተለያይተው የኖሩ አይደሉም። እናቶቻችን እህል ሲፈጩ ያንጎራጉሩ ነበር፤ በደቦ አጨዳ ላይም አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። በቡድን መዝፈን ግን ከማንጎራጎር የበለጠ ነገር ይጠይቃል።

የመጀመሪያው ትንፋሽ ነው። ረጅም ዜማን አንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ አይዘልቀውም። ሁላችንም በአንድ ጊዜ ከተነፈስን ደግሞ ዜማው ይቆረጣል። ስለዚህ ተራ እንይዛለን፤ አንዷ ስትተነፍስ ጎረቤቷ ድምፁን ይዛ ትቆያለች። ይህንኑ ወደ ሥራችን ወሰድነው። ቀድሞ ለቡና ሁላችንም በአንድ ላይ ስንነሣ የተሰጣው በርበሬ ጠባቂ አልነበረውም። አሁን በተራ እናርፋለን። አንዷ ስትታመም ወይም ስትወልድም ሥራዋን ማን እንደሚይዝላት አስቀድሞ ይታወቃል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ!

ሁለተኛው ልምምድ ነው። ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ፣ ከአራቱ ቅኝቶች በጣም የከበደን አንቺሆዬ ነው። እንደ ሌሎቹ አምስት ድምፅ ቢኖረውም አንዳንዶቹ እጅግ ስለሚቀራረቡ ድምፃችን ይንሸራተታል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደጋግመን ብንዘፍነውም አልተስተካከለም። የረዳን የሚያስቸግረውን ቦታ ብቻ ነጥለን፣ ቀስ ብለን መያዝ፣ ከዚያም ከፊቱና ከኋላው ጋር መቀጠል ነው። አዲስ አባል ሽሮ ስታዘጋጅም እንዲሁ እናደርጋለን። መጀመሪያ አተሩን ማመስ ብቻ ትማራለች፤ ሳይጠቁርና ጥሬ ሳይቀር ማውረድ ስትችል ወደ ቅመሙ ትሻገራለች።

ሦስተኛው መደማመጥ ነው። በቡድናችን አንድ ደንብ አለ፦ የጎንሽን ሴት ድምፅ ካልሰማሽ፣ አንቺ ጮኸሻል። ድምፀ ትልልቆቹ ዝቅ ሲሉ፣ ዝም ይሉ የነበሩት እህቶች መሰማት ጀመሩ። እነዚሁ እህቶች ዛሬ በስብሰባ እጃቸውን አውጥተው ስለ ቁጠባ ደብተራቸው ይጠይቃሉ። ይህን በብር መተመን አንችልም፤ ማኅበሩ የተቋቋመው ግን ለዚሁ ጭምር ነው።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፤ ለዜማው የምንጠይቃችሁ ገንዘብ የለም። ከበሮው የራሳችን ነው፤ የደንብ ልብስም አያስፈልገንም።

ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ከበዓል በፊት ባሉት አራት ሳምንታት ልምምዱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ወደ ሩብ ሰዓት ይጠር፣ ነገር ግን አይቋረጥ። የቆመ ዜማን እንደገና ማንሣት፣ ሲዘፈን የቆየውን ከመቀጠል ይከብዳልና። ውሳኔው የእናንተ ነው።