ርካሽ የመረጃ ማከማቻ ስለ መምረጥ



አሮጌ ኮምፒዩተር ሲንቀራፈፍ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የሃርድ ዲስኩ ነው። የሚሽከረከረው ዲስክ አንድን መረጃ ፈልጎ ለማግኘት 10 ሚሊሰከንድ ያህል ሲፈጅበት፣ ተንቀሳቃሽ አካል የሌለው ኤስኤስዲ ከ1 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያደርሰዋል። የሳታ መስመር በሰከንድ ከ600 ሜጋባይት በላይ ስለማያሳልፍም፣ ለአሮጌ መሣሪያ ውድ ኤስኤስዲ መግዛት ትርፍ የለውም።

ይሁን እንጂ ርካሽ ሁሉ አንድ አይደለም። እኔ ራሴ በ240 ጊጋባይት ዋጋ «1 ቴራባይት» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበትን ዕቃ ገዛሁ። እውነተኛው መጠኑ ከሞላ በኋላ አዲሱ መረጃ በቀድሞው ላይ ይጻፍ ኖሮ የሦስት ሳምንት የቅየሳ ልኬት ጠፋ። ባልደረቦቼ ወደ መስክ ተመልሰው እንደገና ሲለኩ፣ ያተረፍሁት ገንዘብ አሳፈረኝ።

ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት የዋስትናውን ዘመንና ሊጻፍበት የሚችለውን ጠቅላላ መጠን እንመርምር። 80 ቴራባይት በ3 ዓመት ማለት በቀን 73 ጊጋባይት ያህል ነው፤ ይኸውም ለተራ የቢሮ ሥራ ይተርፋል። ከገዛን በኋላም ዕቃውን እስከ አፍ ገደፉ ሞልተን፣ የተጻፈውን መልሰን በማንበብ እንፈትሸው። ናሙናው ሳይፈተሽ ኮንክሪት የማንቀበል ባለሙያዎች፣ የድካማችንን ፍሬ ላልተፈተሸ ዕቃ አደራ ልንሰጥ አይገባም።