በልጅ አፍ መርዶ አይነገርም
(ስለ አንድ ጎረቤታችን መታሰቢያ በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

 

ዛሬ የምናስታውሳቸው ሰው ባለሥልጣን አልነበሩም፤ ቄስም አልነበሩም። በደቡብ በምትገኘው በትንሿ ከተማ በቂሪያት ማላኪ የኖሩ፣ ቀን ፋብሪካ ውለው ማታ ወደ ቤታቸው የሚገቡ የአምስት ልጆች አባት ነበሩ። ካረፉ ባለፈው ሳምንት ሠላሳ ቀናቸው ሆነ። በሕይወት ሳሉ ስማቸው በሰው ፊት ሲመሰገን ያፍሩ ስለ ነበር፣ ዛሬም ስማቸውን ሳልጠራ እንድናገር ቤተሰባቸው ጠይቆኛል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ አባባ ይላቸው ነበርና እኔም እንደዚያው እላለሁ።

አባባ ከወልቃይት ተነሥተው በእግራቸው ሱዳን የገቡት በ1984 ነው። እንደሚታወቀው በዚያ ዓመት በኡም ራኩባ መጠለያ በሽታና ረሃብ ብዙ ወገን ፈጀ። ወደ ኢየሩሳሌም ሲሉ በሱዳን መንገድ የቀሩት ወገኖቻችን ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይነገራል። ከእነርሱ አንዷ የአባባ እናት ነበሩ። አባባ ራሳቸው በትኩሳት ወድቀው መቆም ስላቃታቸው፣ መቃብሩን የቆፈሩት ከዚያ በፊት አይተዋቸው የማያውቁ ሁለት ሰዎች ናቸው። «እናቴን ባዳ ቀበረልኝ፤ ይህ ዕዳ አለብኝ» ይሉ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ተጀምሮ እስከ ጃንዋሪ 1985 መጀመሪያ በቆየው፣ ወደ 8,000 ሰው ባመጣው በሙሴ ዘመቻ ከባለቤታቸውና ከልጆቻቸው ጋር እስራኤል ገቡ።

ውድ አድማጮች፣ እዚህ ከገቡ በኋላ የደረሰባቸው ነገር በእናንተም ቤት ያለ ይመስለኛል። ልጆቹ ዕብራይስጡን ቶሎ ያዙት፤ ወላጆቹ ግን አልቻሉም። ስለዚህ ትልቋ ልጅ የቤቱ አስተርጓሚ ሆነች። ደብዳቤ ሲመጣ እሷ ታነባለች፤ መሥሪያ ቤት ሲጠሩ ከትምህርት ቤት ቀርታ አብራ ትሄዳለች። የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለች አንድ ቀን እናቷን ይዛ ሐኪም ቤት ሄደች። ሐኪሙ የእናትየው በሽታ ከባድ መሆኑን፣ ቀዶ ጥገናም እንደሚያስፈልግ ተናገረ፤ ልጅቱንም «ለእናትሽ ንገሪ» አላት። ልጅቱ እናቷን አየች፤ ሐኪሙን አየች፤ ከዚያ አለቀሰች እንጂ አንድ ቃል አልወጣትም። እናትየው ከልቅሶው ነገሩ ገባቸው።

አባባ ይህን ማታ ሲሰሙ እራት ሳይቀምሱ አደሩ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሲያጫውቱኝ እንዲህ አሉኝ፦ «በአገራችን መርዶ የሚነገረው በሽማግሌ ነው፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ዘመድ አጠገብ ተቀምጦ ነው። እኔ ግን ለሚስቴ ክፉ ወሬ በልጄ አፍ አስነገርኩ። ያን ቀን አባት እሷ ነበረች፤ እኔ ልጅ ነበርኩ።»

እናትየው በቀዶ ጥገናው ድነው፣ እነሆ ዛሬም በሕይወት አሉ። አባባ ግን በዚያው ሳምንት የማታ ኡልፓን ገቡ። ከፋብሪካ መልስ እንቅልፍ እየጣላቸው ፊደል ቆጠሩ። ማንበብ እስኪችሉ ሁለት ዓመት ፈጀባቸው። ከዚያ በኋላ ልጃቸው አንዲት ቀን እንኳ ለማስተርጎም ብላ ከትምህርቷ አልቀረችም።

ይህ ነገር ከቤታቸው አልፎ የጎረቤት ሆነ። ማታ ማታ የሰፈሩ ሰው ደብዳቤውን ይዞ ይመጣል፤ የቢቱዋሕ ሌኡሚ፣ የባንክ፣ የትምህርት ቤት። አባባ ቀን የተቆረጠበትን ደብዳቤ አስቀድመው ያነባሉ። አምጪውንም አጠገባቸው አስቀምጠው እያንዳንዱን መስመር በጣታቸው ያስከትሉታል። ዋጋቸው አንድ ስኒ ቡና ነበር። ሰው ልጁን ይዞ ሐኪም ዘንድ ሊሄድ መሆኑን ከሰሙ «ልጁ ትምህርቱን ይማር፤ እኔ እመጣለሁ» ብለው ከሥራቸው ፈቃድ ይጠይቁ ነበር።

ከጎንደር የሞት ወሬ ሲመጣም ዘመዶች አስቀድመው የሚደውሉት ለአባባ ነበር። ሰው በሥራ ቦታው ብቻውን ቆሞ በስልክ እንዳይረዳ፣ ሽማግሌዎችን ሰብስበው ጎሕ ሲቀድ በሩን የሚያንኳኩት እሳቸው ናቸው።

አሁን እውነቱን ሁሉ መናገር ይገባኛል። ለልቅሶ በተቀመጥንበት በሰባቱ ቀን ውስጥ ትልቋ ልጃቸው እንዲህ አለችን፦ «ሁላችሁም አባታችን ለሰው የደረሱ ናቸው ትላላችሁ፤ እውነት ነው። እኛ ግን ብዙ ማታ እራት የበላነው ያለ እሳቸው ነው። ለእናንተ ያበደርናችሁ አባታችንን ነው።» እኛም አንገታችንን ደፋን። መቶ ቤት የሚያስፈልገውን ሥራ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ጥለን ኖረናል። እሳቸው እምቢ ማለት ስለማይችሉ፣ እኛም መማሩን ትተን «አባባ አሉ» እያልን ተመቸን።

በሠላሳው ቀን ዕለት ማታ በር ተንኳኳ። ከመጡ ጥቂት ወር የሆናቸው ባልና ሚስት ፖስታ ይዘው ቆመዋል፤ ማረፋቸውን አልሰሙም ነበር። ሲነገራቸው ደንግጠው ሊመለሱ ሲሉ፣ የአባባ ታናሽ ወንድ ልጅ «ግቡ» ብሎ በአባቱ ወንበር ተቀመጠና አነበበላቸው። የመብራት ሒሳብ ነበር። እናትየው ቡና አፈሉ።

ወገኖቼ፣ የዛሬው መልእክቴ ይህ ነው። አዲስ የመጣችሁ፣ ያልተነበበ ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ አትክተቱ። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ መሠረት የሕክምና ተቋማት በሽተኛው በሚገባው ቋንቋ እንዲረዳ የማድረግ ግዴታ አለባቸውና፣ በኩፓት ሆሊም የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ቀድማችሁ የመጣችሁ ደግሞ፣ ማንበብ የምትችሉ ሁሉ፣ በየሕንፃችሁ በሳምንት አንዲት ማታ ስጡ። እንዲህ ከሆነ የማንም ልጅ አባቱን ለሰፈር ሙሉ አያበድርም።

የአባባን ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጋር ያኑርልን። ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው እግዚአብሔር መጽናናትን ይስጥ። ደኅና እደሩ።