መኳኳል ለምትጀምሩ፦ ጥቂት ዕቃ፣ ንጹሕ እጅ

(በሠፈራችን ማኅበር የሴቶች ክፍል በወርኃዊው ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ያልተገኙም እንዲያነቡት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወጥቷል።)



ባለፈው ስብሰባ ከወጣቶቹ አንድ ጥያቄ ቀርቦልን ነበር። «መኳኳል እንፈልጋለን፤ ከየት እንደምንጀምር ግን አናውቅም። እናቶቻችንን ስንጠይቅ ይቆጡናል፤ ጓደኛ ስንጠይቅ ዐሥር ዓይነት ዕቃ ግዙ ይሉናል» የሚል ነው። አንዳንዶች «ይኼም ጥያቄ ሆኖ ነው?» ብለው ሲስቁ ሰምተናል። እኛ ግን አልሳቅንም፤ ምክንያቱም የራሳችን ጥፋት ትዝ ስላለን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ ሠርግ ላይ ሚዜዎቹን ያስዋብነው እኛው ነበርን። አንድ ብልቃጥ ኩል፣ አንድ መኳያ፣ አንድ ፎጣ ይዘን ሁሉንም ተራ በተራ ኳልናቸው። ሠርጉ አማረ። በሦስተኛው ቀን ግን ከልጆቹ አራቱ ዓይናቸው ቀልቶና ተጣብቆ ነው ከእንቅልፋቸው የተነሡት። ደግነቱ በሕክምና ዳኑ። ስናሳምር ልናጠፋ ነበር ማለት ነው። ዛሬ የምንናገረው እንግዲህ ሁሉን አውቀን ሳይሆን ተሳስተን ስለተማርን ነው።

በመጀመሪያ እናቶችን አንድ ነገር እንለምን። መኳኳል ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። ኩሉም፣ እንሶስላውም፣ አደስ የገባበት ቅቤውም ከአያቶቻችን የወረስነው ነው። ልጅቷን ብንቆጣት ተደብቃ ትገዛለች። ተደብቃ የገዛችውን ደግሞ ምን እንደሆነ አይተን ልንመክራት አንችልም። አጠገቧ ቁጭ ብሎ ማሳየት ይሻላል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

አንደኛ፣ ውሃ። ከተማችን ስሟን ያገኘችው ከምንጮቿ ነውና ከውሃ ብንጀምር ያምርብናል። መጀመሪያ እጅ፣ ቀጥሎ ፊት ይታጠባል። የልብስ ሳሙና ለፊት አይሆንም፤ ቆዳን ያደርቃል። ፊትን በሎሚ ማሸትም ይቅር። የሎሚ ጭማቂ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፤ ጥቁር ምልክትም ይተዋል።

ሁለተኛ፣ ቅባት። እዚህ ቆላው ላይ ቀለል ያለ ሎሽን በስሱ ይበቃል፤ ቫዝሊን ፊት ላይ ቢበዛ ከላቡ ጋር ይወርዳል። ጨንቻና ዶርዜ ያሉ ዘመዶቻችን ግን ብርዱ ቆዳቸውን ስለሚያደርቀው ወፈር ያለ ቅባት ያስፈልጋቸዋል።

ሦስተኛ፣ የፀሐይ መከላከያ። እኛ ከምድር ወገብ የምንርቀው 6 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ጥቁር ቆዳ ከፀሐይ የተሻለ መከላከያ አለው እንጂ ጨርሶ አይነካም ማለት አይደለም፤ ፊት ላይ የሚወጣውን ማድያት ፀሐይ ያብሰዋል። መግዛት የምትችሉ ኤስ ፒ ኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሚል ግዙ፤ ውጭ የምትውሉ ከሆነም በየሁለት ሰዓቱ ደግማችሁ ተቀቡ። አቅም ከሌለ ጃንጥላና ባርኔጣ አለላችሁ፤ በዚህ የሚያፍር ሰው የለም።

አራተኛ፣ የፊት ቀለም። ፋውንዴሽንም ሆነ ፓውደር ስትገዙ በእጃችሁ ጀርባ ላይ አትሞክሩት፤ የእጅና የፊት መልክ አንድ አይደለም። መንጋጋችሁ ላይ ትንሽ ቀቡና ከሱቁ ወጥታችሁ በቀን ብርሃን በመስተዋት እዩት። ከቆዳው ተለይቶ የማይታየው ነው የእናንተ። ከመልካችሁ የነጣ ከገዛችሁ ፊታችሁ ዱቄት የነካው ይመስላል፤ አንገታችሁም ያሳብቅባችኋል። ስትቀቡም ፊቱን ሁሉ መለሰን አያስፈልግም። ነጠብጣብ ያለበት ላይ ብቻ በጣት ወይም በረጠበ ስፖንጅ ጫን ጫን እያደረጋችሁ አስገቡት። ከሲቀላ ተነሥታችሁ በባጃጅ ሴቻ እስክትደርሱ ሙቀቱና አቧራው ወፍራሙን ቀለም እንደ ጭቃ ያደርገዋል፤ ስሱ ግን ይቆያል።

አምስተኛ፣ ዓይን። ለጀማሪ አንድ የኩል እርሳስ ይበቃል። በላይኛው ሽፋሽፍት ሥር ከውጭ በኩል ቀጭን መስመር፣ በቃ። ዓይን ውስጥ አታስገቡት። በተጠቀማችሁ ቁጥር ጫፉን ቅረጹት። ማስካራ ከተከፈተ ሦስት ወር ሲሆነው ይጣል፤ ባያልቅም ይጣል። ከሁሉ በላይ ግን የዓይን ዕቃ አይዋዋሱም፤ ከእኅትም፣ ከጓደኛም፣ ከሙሽራም ቢሆን። ትራኮማ ወይም የዓይን ማዝ የምንለው በሽታ በእጅ፣ በፎጣና በዝንብ ከዓይን ወደ ዓይን የሚሄድ፣ በአገራችንም ብዙ ሰው ያሳወረ ነው። አንድ መኳያ ለሁሉ ማዞር መንገድ መክፈት ነው።

ድንጋዩ ተፈጭቶ የሚሠራውን ኩል በሚመለከት ደግሞ ይህን ዕወቁ። ብዙ ጊዜ ያ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ የእርሳስ ማዕድን ነው። እርሳስ የሕፃንን አእምሮ ይጎዳል፤ ይህን ያህሉ አይጎዳም የሚባል መጠንም አልተገኘለትም። ስለዚህ ለአራስ ልጅ ዓይን ኩል ማድረግ፣ ልማድ ነው ብንልም፣ ይቅርብን።

ስድስተኛ፣ ከንፈር። መጀመሪያ ቫዝሊን፣ ቀጥሎ የከንፈር ቀለም። ያንኑ ቀለም በጣት ጫፍ ነካ አድርጋችሁ ጉንጭ ላይ ብታሹት ሌላ ዕቃ ከመግዛት ትድናላችሁ።

ሰባተኛ፣ ማታ ማጽዳት። ደክሞኛል ብሎ ተኳኩሎ መተኛት የለም። ቫዝሊን በጥጥ አድርጋችሁ ጥረጉ፤ ከዚያ በኋላ በሳሙና ታጠቡ።

እንግዲህ ዕቃው ሁሉ ቢቆጠር ሎሽን፣ የፀሐይ መከላከያ፣ አንድ የፊት ቀለም፣ አንድ የኩል እርሳስና አንድ የከንፈር ቀለም ነው። በአንድ ቀን ሁሉንም መግዛት የለባችሁም። አዲስ ዕቃ ስትገዙ መጀመሪያ ክንዳችሁ ላይ፣ ከክርናችሁ ውስጠኛ በኩል፣ ትንሽ ቀብታችሁ አንድ ሁለት ቀን ጠብቁ። ካሳከካችሁ ፊታችሁ ላይ አታድርጉት።

አሁን ዋናውን ነገር እንናገር። ብዙ ልጆች መኳኳል የሚጀምሩት በኩል ሳይሆን «ያቀላል» በሚባል ቅባት ነው። ሥራ ለመቀጠር ወይም ለሠርግ መቅላት አለብኝ የሚል ሐሳብ ገብቷል። ከአባሎቻችን መካከል የአንዷ ልጅ ከሠርጓ በፊት እንዲህ ያለ ቅባት ለወራት ተቀባች። መጀመሪያ ቀላች፤ ሁሉም አደነቀ። ቅባቱን ስታቆም ፊቷ ነደደ፣ ቡግር ወረራት፣ ጉንጯ ላይ ደም ሥሮቿ መታየት ጀመሩ። የፎቶ አልበሟን ዛሬም አትከፍተውም።

በእነዚህ ቅባቶች ውስጥ ምን አለ? በአንዳንዱ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን አለ። እነዚህ ሐኪም ለበሽታ የሚያዛቸው መድኃኒቶች ናቸው፤ ያለ ትእዛዝ ሲቆዩ ቆዳን ያሳሳሉ። በአንዳንዱ ሜርኩሪ አለ። ሜርኩሪ በቆዳ ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል፤ የተቀባችውን ብቻ ሳይሆን የምታቅፈውን ሕፃንም ያገኘዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 በጃፓን የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት በመኳኳያ ውስጥ ያለውን ሜርኩሪ ገደበ፤ በ2023 በጄኔቫ የተደረገው ጉባኤ ደግሞ ሜርኩሪ የተጨመረበት መኳኳያ በ2025 ጨርሶ እንዲቀር ወሰነ። ይሁን እንጂ ውሳኔ ብቻውን ሱቅ አያጸዳም። መለያው ላይ «መርኩሪ» ወይም «ካሎሜል» የሚል ካለ፣ «ከወርቅና ከብር ጌጥ አርቁ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካለ፣ ወይም ጭራሽ የሠሪው ስም ከሌለ፣ አትግዙ። ለወራት ስትቀቡ የቆያችሁ ካላችሁ ግን በራሳችሁ ከማቆማችሁ በፊት ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ አማክሩ፤ ድንገት ማቆሙም ፊትን ያስቆጣል። ማንም አይስቅባችሁም፤ ቅባቱን ይዛችሁ ሂዱ።

ሲያጌጡ ይመላለጡ ይላል ተረታችን። መኳኳል ያለውን መልክ ማጽዳት ነው እንጂ ሌላ መልክ መግዛት አይደለም። የጠይም ልጅ ፊት ታጥቦ፣ በስሱ ተቀብቶ፣ ኩሉ በቀጭኑ ከተሰመረ ለየትኛውም የሥራ ቃለ መጠይቅ ይበቃል።

በሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዳችሁ ቤታችሁ ያለውን ቅባትና ኩል ይዛችሁ ኑ። መለያውን አብረን እናነባለን። እኛም የዚያን ሠርግ መኳያ ጥለናል፤ ከእንግዲህ የምንኩላት ልጅ ሁሉ የራሷን እርሳስ ይዛ ትመጣለች።