ሁለተኛው ኳስ፦ የኧርል አንቶኒ የሙያ ሕይወት



ለብዙዎቻችን ቦውሊንግ የእረፍት ቀን ጨዋታ ነው፤ ቤተሰብ ይዘን ገብተን፣ ጫማ ተከራይተን፣ ተጫውተንና ስቀን እንወጣለን። በዚሁ ጨዋታ እንጀራውን የሚያገኝ ሰው መኖሩን ግን ብዙም አናስብም። ዛሬ የምናገረው ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ስለሆነው፣ በእኔ ሚዛን ደግሞ ከሁሉም ስለሚልቀው ስለ አሜሪካዊው ኧርል አንቶኒ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አንቶኒ በ1938 በዋሽንግተን ግዛት ተወለደ። በወጣትነቱ ልቡ ያረፈው በቤዝቦል ላይ ነበር፤ ጉዳት ደርሶበት ያ መንገድ ተዘጋ። በአንድ የሸቀጣ ሸቀጥ መጋዘን ፎርክሊፍት እየነዳ ይተዳደር ጀመር። ቦውሊንግን የጀመረው በ21 ዓመቱ፣ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ነው። ዛሬ ስማቸው የሚጠራ ተጫዋቾች ብዙዎቹ ኳስ የጨበጡት በልጅነታቸው ነውና፣ እሱ ሲጀምር መሽቶበት ነበር ማለት ይቻላል። በ1963 ከፕሮፌሽናሎቹ ጋር ዕድሉን ሞከረ። ቤሳ ቤስቲን ሳያገኝ ወደ መጋዘኑ ተመለሰ።

እዚህ ላይ የሙያው አኗኗር ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፤ ሳይነገር ከቀረ የሰውየው ነገር አይገባንምና። የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ቦውሊንግ ተጫዋቾች ማኅበር በ1958 የተመሠረተው ኤዲ ኢላያስ በሚባል የኦሃዮ ሰው ጥረት ነው። የማኅበሩ አባል ቋሚ ደመወዝ የለውም፤ የሚከፍለው ክለብም የለውም። የመመዝገቢያውን ገንዘብ ከኪሱ ይከፍላል፤ መንገዱን፣ ማደሪያውንና ምግቡን ራሱ ይችላል። በማጣሪያው ለቀናት ብዙ ጨዋታ ይጫወታል። ሽልማት ከሚያስገኘው ደረጃ በታች ከወደቀ የሚመለሰው ባዶ እጁን ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ከተማ ሀ ብሎ ይጀምራል። በቴሌቪዥን የሚታዩት አምስቱ ብቻ ነበሩ። አምስተኛው ከአራተኛው ይገጥማል፣ አሸናፊው ከሦስተኛው፣ እንዲህ እያለ አንደኛ ሆኖ ካለፈው ጋር ይደርሳል። ሳምንቱን ሙሉ ሲመራ የሰነበተ ሰው በአንዲት ጨዋታ ዋንጫውን ሊነጠቅ ይችላል።

አንቶኒ ከመጋዘኑ ሆኖ ለዓመታት ሲለማመድ ከቆየ በኋላ ተመልሶ መጣ። በ1970 ሲያትል ላይ የመጀመሪያውን ዋንጫ ሲያነሳ 32 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ያቆመው አልተገኘም። በ1975 ብቻ ሰባት ውድድሮችን አሸንፎ 107,585 ዶላር አገኘ፤ በአንድ የውድድር ዘመን ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ያገኘ የመጀመሪያው ቦውሊንግ ተጫዋች እሱ ነው። በ1982 ደግሞ ጠቅላላ የሽልማት ገንዘቡ አንድ ሚሊዮን ዶላር ሲያልፍ፣ በዚህም ቀዳሚ ሆነ። የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ስድስት ጊዜ ተብሏል። የማኅበሩን ብሔራዊ ሻምፒዮና ከ1973 እስከ 1975፣ ከዚያም ከ1981 እስከ 1983 ሦስት ሦስት ጊዜ በተከታታይ ወስዷል።

ይህ ሁሉ እንዴት ሆነ? ኳሱን ከማንም አጠንክሮ ስለሚወረውር አልነበረም። ፀጉሩን አሳጥሮ የሚቆረጥ፣ መነጽር የሚያደርግ፣ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም ፊቱ የማይለዋወጥ ግራኝ ነበር።

ምስጢሩን ለመረዳት ኳሱ የሚንከባለልበትን ወለል፣ ሌኑን፣ ማየት ያስፈልጋል። ተጫዋቹ ከሚቆምበት መስመር፣ ኳሱ ሊጥላቸው ከሚገባው አሥር ፒኖች እስከ ፊተኛው ድረስ፣ 18 ሜትር ከ29 ሳንቲ ሜትር ነው። የሌኑ ስፋት ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከተመልካች ዓይን የተሰወረ ስስ ዘይት ተቀብቶበታል፤ ኳሱ ዘይቱ ላይ ይንሸራተትና ዘይቱ ሲያልቅ ወለሉን ይዞ ይታጠፋል። የግራኝ ኳስ በ1ኛውና በ2ኛው ፒን መካከል በትክክል ሲገባ፣ ኳሱ ራሱ የሚነካው አራት ፒኖችን ብቻ ነው፦ 1ኛውን፣ 2ኛውን፣ 5ኛውንና 8ኛውን። ስድስቱን የሚጥሏቸው ፒኖቹ እርስ በርሳቸው ናቸው። ታዲያ ኳሱ በጣት ስፋት ያህል ከመንገዱ ከወጣ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ አንድ ፒን ቆሞ ይቀራል። ይህ በዓለም ምርጡ ተጫዋች ላይም በየቀኑ ይደርሳል።

ሁለተኛው ኳስ፣ ማለትም የቀረውን ፒን ለመጣል በዚያው ዙር የሚሰጠው ዕድል፣ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በአሥሩም ዙር በመጀመሪያ ኳሳቸው ዘጠኝ ዘጠኝ ፒን የሚጥሉ ሁለት ተጫዋቾችን አስቡ። አንደኛው የቀረችውን አንዲት ፒን ሁልጊዜ ይስታል፤ ነጥቡ 90 ነው። ሁለተኛው ሁልጊዜ ይጥላታል፤ በእያንዳንዱ ዙር አሥር ነጥብና የሚቀጥለው ኳስ ዘጠኝ ስለሚደመርለት፣ በመጨረሻው ተጨማሪ ኳስም ዘጠኝ ሲጥል 190 ይሆንለታል። በመጀመሪያ ኳስ ልዩነት የላቸውም። መቶው ነጥብ የተገኘው ማንም ከማያጨበጭብለት ኳስ ነው። የአንቶኒ ኑሮ የቆመው በዚህ ኳስ ላይ ነበር።

በዚያው ዘመን ማርክ ሮት የሚባል ኃይለኛ ተቀናቃኝ ነበረው። ሮት ኳሱን በብርቱ ያሽከረክረው ነበር፤ በ1978 ብቻ ስምንት ውድድሮችን አሸንፏል። በ1980 ደግሞ በሁለቱ ጠርዝ ቆመው የቀሩትን 7ኛውንና 10ኛውን ፒን በአንድ ኳስ በመጣል፣ ይህን በቴሌቪዥን ያደረገ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ያንን ውርወራ የቦውሊንግ ወዳጆች እስከ ዛሬ ያወሱታል፤ ማውሳታቸውም ተገቢ ነው። አንቶኒ የጣላቸውን በሺህ የሚቆጠሩ ነጠላ ፒኖች ግን የሚያወሳ የለም።

ግራኝ ስለሆነ ነው የቀናው የሚሉም ነበሩ። ክርክሩ መሠረት የለውም አልልም። በቀኝ እጃቸው የሚጫወቱት ብዙ ስለሆኑ በሌኑ ቀኝ በኩል ያለው ዘይት ቶሎ ይነሳል፤ በግራ በኩል ያለው ብዙም አይነካምና ለግራኝ ይመቻል። ነገር ግን በዚያው ዘመን በዚያው ዘይት ላይ የተጫወቱ ሌሎች ግራኞችም ነበሩ። ከመካከላቸው እሱ የደረሰበት የደረሰ የለም።

በ1978 ድንገተኛ የልብ ሕመም መታው። ዕድሜው 40 ነበር፤ ብዙ ሰው ከዚህ በኋላ አበቃለት ብሎ ነበር። ያ ሁለተኛው የሦስት ዓመት ተከታታይ ሻምፒዮና የመጣው ግን ከሕመሙ በኋላ ነው። በኋላም በካሊፎርኒያ፣ ደብሊን ከተማ፣ በስሙ የሚጠራ የቦውሊንግ ቤት ነበረው። በ2001 በ63 ዓመቱ አረፈ።

ዋልተር ሬይ ዊሊያምስ በዋንጫ ብዛት በ2006 አለፈው፤ በመጨረሻም 47 ደረሰ። አውስትራሊያዊው ጄሰን ቤልሞንቴ ደግሞ በሁለት እጅ እየወረወረ የአጨዋወቱን መልክ ለውጦ፣ በታላላቅ ውድድሮች ድል በልጦታል። ሁለቱንም አከብራለሁ። ይሁን እንጂ ማኅበሩ ሃምሳኛ ዓመቱን ምክንያት አድርጎ የሃምሳ ዓመታቱን ሃምሳ ምርጦች በባለሙያዎች ሲያስመርጥ፣ ዊሊያምስን በጠባብ ልዩነት በልጦ አንደኛ የሆነው አንቶኒ ነው። ከሠላሳ ዓመቱ በኋላ ተነስቶ፣ በታመመ ልብ ተመልሶ፣ የቀረችውን አንዲት ፒን ያለመሰልቸት የጣለ ሰው ነውና፣ ፍርዱ ትክክል ነው እላለሁ።