የኤሊው ቅርፊት ከየት መጣ?



ይህን ርእስ ስመርጥ፣ «ወደብ የሌላት አገር ምሁር ስለ ባሕር ኤሊ ምን አገባው?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ ጠብቄአለሁ። መልሴን ከአዱሊስ ልጀምር። በ1ኛው ክፍለ ዘመን ፔሪፕለስ የተባለውን የመርከበኞች መመሪያ የጻፈው ስሙ ያልታወቀ ደራሲ፣ ከዚያ ወደብ የሚወጡት ሸቀጦች የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የኤሊ ቅርፊት መሆናቸውን ይነግረናል። ቅርፊቱ የሚመጣው ከወደቡ ፊት ለፊት ካሉት ደሴቶች እንደሆነም ይጠቅሳል። ደራሲው የቅርፊቱን መነሻ ያውቅ ነበር። ዛሬ አንድ የጉምሩክ ሠራተኛ በያዘው አምባር ላይ ይህንኑ መናገር ብዙ ጊዜ ይሳነዋል። የንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው።

ነጋዴዎች የሚፈልጉት፣ አፉ እንደ ጭልፊት የተቆለመመውን ሆክስቢል የተባለውን ኤሊ ነው። ጀርባውን የሸፈኑት 13 ትልልቅ የቅርፊት ሰሌዳዎች በሙቀት ስለሚለሰልሱ ለማበጠሪያ፣ ለመነጽር ፍሬምና ለአምባር ይመቻሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት፣ ከ1844 እስከ 1992 ድረስ ወደ 9 ሚሊዮን የሚጠጉ ሆክስቢሎች ለዚህ ንግድ እንደዋሉ ገምቷል። እንስሳው ለመራባት 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊፈጅበት ስለሚችል፣ የጠፋው ቶሎ አይተካም።

ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1977 በሆክስቢል መነገድን ከለከለ። ጃፓን ግን በ1980 ስምምነቱን ስትቀበል በዚህ ዝርያ ላይ ተዓቅቦ አስመዝግባ፣ እስከ 1992 መጨረሻ ድረስ ቅርፊት ማስገባቷን ቀጥላለች። ያ በር ቢዘጋም ኮንትሮባንዱ አልቆመም። ዕቃው ሲያዝ ተሸካሚው ይቀጣ ይሆናል፤ ኤሊዎቹ የሚታረዱበት የባሕር ዳርቻ ግን ሳይታወቅ ይቀራል።

እዚህ ላይ የሥነ ሕይወት ምርምር ይረዳናል። ሴቷ ኤሊ እንቁላሏን ለመጣል ወደ ተፈለፈለችበት አካባቢ ትመለሳለች። የማይቶኮንድሪያ ዲ.ኤን.ኤ. ከእናት ስለሚወረስ፣ በየአካባቢው የሚጥሉት ኤሊዎች የሚለዩበት የዘር ምልክት ይኖራቸዋል። ምልክቱን ተሠርቶ ካለቀ ጌጥ ላይ እንኳ ማውጣት ይቻላል። ሆኖም የሚነጻጸርበት ናሙና ያስፈልጋል፤ ናሙና ካልተሰበሰበበት ዳርቻ የመጣ ቅርፊት መነሻውን አይናገርም። ስለዚህ ጥበቃ ሠራተኞችን የት እንደምናሰማራ የሚወስነው፣ አስቀድሞ በትዕግሥት የተሰበሰበው ናሙና ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ኢትዮጵያ ከ1989 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሳይተስ አባል ናት፤ ቦሌም የብዙ አህጉራት መንገደኞች የሚተላለፉበት ጣቢያ ነው። አምባር በኪስ ይገባል። የሕግ ተማሪዎቻችን ስለ ማስረጃው፣ የሥነ ሕይወት ተማሪዎቻችን ስለ ናሙናው፣ የታሪክ ተማሪዎቻችንም ስለ ጥንቱ ንግድ አብረው እንዲሠሩ እጠይቃለሁ። በአዱሊስ በኩል ይህን ቅርፊት ለዓለም ሸጠናል፤ ዛሬ በእጃችን ሲያልፍ ከየት መጣ ብለን መጠየቅ ይገባናል።